ግራኝ ተኳሽና የቀኝ ሾትገን፦ ጥፋቱ ልጁ ላይ ሳይሆን እንጨቱ ላይ ነው

"ሾትገን ግራና ቀኝ የለውም፣ ሁለት ቱቦና አንድ እንጨት ነው።" እዚህ ቨርጂኒያ የተኩስ መለማመጃ ሬንጅ ላይ ይሄን ነገር መስማት ሰልችቶኛል። የሚሉት ደሞ ጀማሪዎች ቢሆኑ ምንም አልልም ነበር፣ ለዓመታት ክሌይ (ወደ አየር የሚወረወር ሸክላ መሰል ዒላማ) ሲተኩሱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ከዛ ግራኙ ልጅ በሳተ ቁጥር ትኩረት የለህም፣ ትቸኩላለህ፣ አይንህን ተመርመር እያሉ ያሳቅቁታል። ከአስር ሰው አንድ ገደማ ግራኝ ነው እኮ፣ በየቡድኑ አለ።

ስለ ግራኝና ሾትገን ከሚወራው ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርሳቸው።

"ቀልሃው ፊቱ ላይ ይፈናጠርበታል።" ይሄ የፓምፕ (በእጅ እየሳቡ የሚያጎርሱት) እና የሴሚ ኦቶማቲክ (ራሱ የሚያጎርሰው) ጉዳይ ነው፣ አብዛኞቹ በቀኝ ጎናቸው ስለሚተፉ ግራኝ ሲተኩስባቸው ቀልሃው በአፍንጫው ፊት ያልፋል። ባለ ሁለት አፈሙዙ ግን ታጥፎ እስኪከፈት ምንም አይተፋም፣ ሲከፈትም ወደ ኋላ ነው የሚወረውረው። እንደውም ለግራኝ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ምን ልግዛ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምጠቁመው እሱኑ ነው።

"ሴፍቲው ለቀኝ ነው የተሠራው።" አይደለም። አብዛኞቹ ባለ ሁለት አፈሙዞች ላይ ይሄ የቃታ መቆለፊያ አናቱ ላይ መሀል ነው ያለው፣ የትኛውም አውራ ጣት ይደርስበታል።

"መክፈቻው አይመቸውም።" ጠመንጃውን አጥፎ የሚከፍተው ምላስ ወደ ቀኝ ነው የሚገፋው፣ እውነት ነው፣ ግን ግራኞች በግራ አውራ ጣት ገፍተውም በቀኝ እጃቸውም ይከፍቱታል፣ ትንሽ ቆይተው ረስተውታል። ባለ ሁለት ቃታው ላይ ግን ቅሬታቸው ትክክል ነው፣ የፊተኛው ቃታ ወደ ቀኝ የኋለኛው ወደ ግራ ፈንጠር ብሎ የተሠራው ለቀኝ ጣት ነው። የዛሬዎቹ በብዛት ባለ አንድ ቃታ ስለሆኑ እዚህ ላይ አልቆይም።

አሁን ወደ ዋናው። የቀኝ ሾትገን ሰደፍ ከአፈሙዙ መስመር ትንሽ ወደ ቀኝ ዘመም ተደርጎ ነው የሚሠራው፣ ካስት ይሉታል። ከላይ 3 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ታችኛው ጫፍ ላይ ትንሽ ይጨምራል። ነገሩ ሲታይ ኢምንት ነው፣ ሰው የሚንቀውም ለዚህ ይመስለኛል። ግን ሾትገን የኋላ ማነጣጠሪያ የለውም፣ የኋላ ማነጣጠሪያው የተኳሹ አይን ነው! ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ጉንጩን ሲያሳርፍ ያቺ ዘመም ያለች እንጨት ቀኝ አይኑን ልክ አፈሙዙ አናት ላይ ባለው ሪብ (በርዝመቱ የሚሄድ ቀጭን ጠፍጣፋ ብረት) መሀል ታስቀምጥለታለች። ግራኝ ሲይዘው ግን እንጨቱ ወደሱ ፊት ነው የሚመጣው፣ ጉንጩን ይገፋዋል፣ አይኑ ከሪቡ ወደ ቀኝ ትወጣለች፣ ከቀልሃው የሚወጣው እርሳስም ተከትሏት ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ከአይን እስከ አፈሙዙ ጫፍ 90 ሴንቲሜትር ብንል አይን በ3 ሚሊሜትር ስትወጣ 30 ሜትር ላይ 10 ሴንቲሜትር ትስታለህ፣ በ6 ስትወጣ 20። ክሌዩ ራሱ ወርዱ 11 ሴንቲሜትር ብቻ ነው።

አንድ የሐበሻ ልጅ ነበር፣ በአባቱ ሾትገን የሚተኩስ ግራኝ። ወደ ቀኝ የሚበረውን ክሌይ አመድ ያደርገዋል፣ ወደ ግራ የሚበረውን ግን አያገኘውም። አሰልጣኙ "አፈሙዙን ታቆመዋለህ፣ አስከትል" እያለ ልጁን ሲያደርቀው ከረመ። እኔን የገረመኝ ግራ ጉንጩ ነው፣ አጥንቱ ላይ በልዞ ነበር። 15 ሜትር ላይ ትልቅ ወረቀት ሰቅለን መሀሉ ላይ ነጥብ አድርገን፣ ሳታነጣጥር ወደ ትከሻህ አምጣና ወዲያው ተኩስ አልነው፣ ደጋግሞ ተኮሰ፣ የእርሳሱ መሀል በሙሉ አንድ መዳፍ ያህል ወደ ቀኝ ተከምሮ ተገኘ። ወደ ቀኝ ለሚበር ክሌይ ያ ስህተት ቀድሞ እንደመተኮስ ሆኖለታል፣ ወደ ግራ ለሚበረው ደሞ ሁሌ ከኋላው ነው። ልጁ ምንም አላጠፋም።

መፍትሄው ደሞ ሌላ ጠመንጃ መግዛት ላይሆን ይችላል። ጥሩ ጋንስሚዝ (ጠመንጃ ጠጋኝ) የእንጨት ሰደፍን በትኩስ ዘይት ወይም በሙቀት አምፖል አሙቆ ያጥፈዋል፣ ሰደፉ ውስጥ ረዥም ብሎን የሚያልፍበት ከሆነ ግን ብዙ አይታጠፍም፣ ያኔ ጉንጭ የሚያርፍበትን ቆርጦ ግራና ቀኝ የሚንቀሳቀስ ያስገጥማሉ። እንደ ቤሬታ ያሉ ፋብሪካዎች የግራ ሰደፍ ያለው ሞዴልም ይሸጣሉ። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ክፈቱትና ባዶ መሆኑን እዩ፣ ከዛ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ ከሰደፉ ጫፍ በኩል በሪቡ ላይ ተመልከቱ፣ የሰደፉ መሀል ከሪቡ ወደ ቀኝ ከወጣ የቀኝ ነው፣ ቀጥ ካለ ለግራኝም ይሄዳል። መያዣውንም ዳስሱት፣ በቀኝ በኩል ብቻ እብጠት ካለው ለቀኝ መዳፍ የተቀረጸ ነው።

"እንግዲህ በቀኝ ይልመዳ!" የሚሉ አባቶች አሉ፣ አገር ቤት በግራ አትብላ በግራ አትጻፍ ተብለን ስላደግን ይሄም እንደዛው ይመስላቸዋል። እዚህ ላይ የሚወስነው እጅ አይደለም፣ አይን ነው፣ አእምሮ ለማነጣጠር የሚመርጣት፣ የምትበረታዋ አይን። ግራኝ ሁሉ ግራ አይኑ ይበረታል ማለትም ስህተት ነው፣ ቀኝ አይኑ የሚበረታ ግራኝ አለ፣ የሱ ተቃራኒም አለ። ልጁ ሁለት እጁን ዘርግቶ በመዳፎቹ መሀል ትንሽ ቀዳዳ ይስራ፣ ሁለቱንም አይኖቹን ከፍቶ በቀዳዳው ሩቅ ያለ ነገር ይይ፣ ከዛ ተራ በተራ ይጨፍን፣ ነገሩ የጠፋበት ጊዜ የጨፈነው አይን ነው የሚበረታው። ግራ ከሆነ ልጁን ተዉት፣ በግራው ይተኩስ፣ እንጨቱን አስተካክሉለት። ቀኝ ከሆነ ደሞ ገና ጀማሪ እስከሆነ ድረስ በቀኝ ትከሻው ማስጀመር ያዋጣል፣ በግራ ካልሆነ አልችልም ካለ መነጽሩ ላይ ቀኝ አይኑ ከሪቡ ጋር የምትገናኝበት ቦታ ብቻ ላይ ትንሽ ብዥ ያለ ፕላስተር ለጥፉለት። አይኑን ሙሉ በሙሉ አትሸፍኑበት፣ የሚበር ነገር ርቀቱና ፍጥነቱ በደንብ የሚታወቀው በሁለት አይን ነው።