የቱርቦ ሞተር ማኒፎልድ ሲቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ጣርማበር የሚወጣ የጭነት መኪና ከ1,280 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ጭኖ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሲገፋ ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ ክዳን) ወጥቶ በጭስ ግፊት እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር የሚጨምቀው ቱርቦ ጋ የሚደርሰው ጭስ ከ600 እስከ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል። ይህን ሁሉ ሙቀት መጀመሪያ የሚቀበለው የጭስ ማኒፎልዱ፣ ማለትም የሲሊንደሮቹን ጭስ ሰብስቦ ወደ ቱርቦው የሚያደርሰው ብረት ስለሆነ ቢሰነጠቅ፣ ጓርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ቢያስተነፍስ፣ ቡሎኑም ቢበጠስ አይገርምም። የሚገርመው አዲስ ተገዝቶ ከታሰረ ከሁለት ወር በኋላ ያው ድምፅ ተመልሶ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ የሚወቀሰው ዕቃ ሻጩ ነው፤ የተጣመመውን የማኒፎልድ ፊትና የተለጠጠውን ቡሎን ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም።

«ጠዋት ብቻ ነው የሚጮኸው፤ ብርዱ ነው»

ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያደረ መኪና ሲነሳ «ጭክ ጭክ ጭክ» ይልና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ዝም ይላል። ሹፌሩ ብርዱን፣ ሜካኒኩ ቫልቩን ይጠረጥራል። ብዙ ጊዜ ግን ጭሱ በማኒፎልዱና በቴስታታው መካከል ባለች ቀጭን ክፍተት እያፈተለከ ነው። ብረቱ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ክፍተቷን ይዘጋታል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይከፍታታል። ድምፁ ጠፋ ማለት ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በጓርኒሲዮኑ ጠርዝ ዙሪያ ጥቁር የጥላሸት ጅራት ይፈለግ። ካልታየ የማርሚታው (የጭስ ማውጫው ቱቦ) ጫፍ ላይ ጨርቅ ተጠቅጥቆ በመካከሉ ከኮምፕሬሰር ቀስ ያለ አየር ይግባና መጋጠሚያው ሁሉ የሳሙና ውኃ ይቀባ። አረፋ የሚነፋው ቦታ ያ ነው። ስንጥቅ ካለም እዚያው ይታያል፤ በተለይ በሁለት ቀዳዳዎች መካከል ያለችውን ቀጭን ድልድይ አትለፏት።

«ዳገት ላይ የሚደክመው አየሩ ስለሚሳሳ ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል አንጻር ወደ 72 በመቶ ይወርዳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ይህን በቀጥታ ይከፍለዋል። ቱርቦ ያለው ግን በፍጥነት በመሽከርከር ጉድለቱን አብዛኛውን ይሞላል፤ የሚሽከረከረውም በጭሱ ግፊት ነው። ጭሱ ቱርቦው ጋ ሳይደርስ በጓርኒሲዮኑ በኩል ከወጣ የሚሞላው ነገር የለም። ናፍጣው እየገባ አየሩ ያንሳል፣ ጥቁር ጭስ ይበዛል፣ ሞተሩም ይግላል። ያው መኪና ያንኑ ጭነት ይዞ አምና በሦስተኛ የወጣውን ዳገት ዘንድሮ በሁለተኛ ከወጣው ተራራው አልጨመረም። የአየር ማጣሪያውና የኢንተርኩለር (ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ዕቃ) ቱቦዎቹ ታይተው ደህና ከሆኑ ቀጣዩ ማኒፎልዱ ነው።

«ጓርኒሲዮኑን መቀየር ብቻ ይበቃል»

ገንዘብ የሚያባክነው ይህኛው ነው። 40 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው የብረት ማኒፎልድ ሙቀቱ 600 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 2.5 ሚሊሜትር ይረዝማል። ቴስታታው በውኃ እየቀዘቀዘ ስለሚሠራ ያን ያህል አይረዝምም። ስለዚህ ማኒፎልዱ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር በጓርኒሲዮኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል፤ በጫፍና በጫፍ ያሉት የቡሎን ቀዳዳዎች ሰፋ ተደርገው የሚሠሩት ለዚህ ነው። ቀዳዳው በዝገት ከተሞላ ወይም ቡሎኑ ከመጠን በላይ ከታሰረ መንሸራተቻ ያጣል፤ ያን ጊዜ ወይ ይጣመማል፣ ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ የጫፉን ቡሎን ይበጥሳል። መጀመሪያ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ የጫፉ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም።

ሲፈታ፦ ዋዜማውን ዝገት የሚያላቅቅ ቀጭን ዘይት ይረጭና ይደር፤ የሚረጨው ግን ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው፣ በጋለ ማኒፎልድ ላይ እሳት ይነሳል። በማግስቱ መጀመሪያ ትንሽ ማጥበቅ፣ ከዚያ መመለስ፤ ከተፈታ በኋላም እያመላለሱ ማውጣት። እምቢ ካለ ዳዶው (የቡሎኑ ማሰሪያ) ብቻ በእሳት ይጋል። መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቶ መጫን ቡሎኑን አንገቱ ላይ ይቆርጠዋል። ከተቆረጠና ጉቶው ወጣ ካለ፣ በላዩ ዳዶ አስቀምጦ ውስጡን መበየድና ሲበርድ በመፍቻ ማዞር ከመሰርሰር ይሻላል። ሲበየድ የባትሪው ሁለቱም ገመድ ይፈታ። የአሉሚኒየም ቴስታታ ከሆነ መሰርሰሪያው ከጠንካራው ቡሎን ወደ ለስላሳው አሉሚኒየም ስለሚሸሽ መሃሉ በነጥብ ሳይመታ አይጀመር።

የፍቺው ቅደም ተከተል ከጫፍ ወደ መሃል ነው። ከወጣ በኋላ የቴስታታው ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ ይደፈኑ፤ ስንት ጨርቅ እንደገባ ይቆጠር፣ ሲታሰርም ያው ቁጥር ይውጣ። አሮጌው ጓርኒሲዮን ተፍቆ ፊቶቹ ሲጸዱ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በርዝመቱና በሰያፍ ተጋድሞ ከሥሩ ስፔሶር (ክፍተት የሚለካ ቀጭን የብረት ቅጠል) ይሞከር። የሚፈቀደው ልክ በአምራቹ መጽሐፍ ላይ አለ፤ መጽሐፉ ከሌለ 0.2 ሚሊሜትር ስፔሶር የሚያስገባ ማኒፎልድ ፊቱ እንዲላጥ ወደ ቶርኖ ቤት ቢሄድ አይጸጽትም። ሲላጥ የሁሉም ቀዳዳዎች ፊት ባንድ አስተሳሰር፣ ባንድ ጊዜ ነው። አዲስ የተገዛውም ይለካ፤ ከካርቶን ስለወጣ ብቻ ቀጥ ያለ ነው ማለት አይደለም።

ቡሎንና ዳዶ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፣ ለጭስ ማውጫ የተሠራ። በኪሎ የሚሸጥ ተራ ቡሎን በዚያ ሙቀት ይለጠጣል። ውስጡ ናይለን ያለበት ዳዶ ደግሞ ከነጭራሹ አይታሰብ፤ በመጀመሪያው ዳገት ናይለኑ ይቀልጣል። ሲታሰር ከመሃል ተጀምሮ ወደ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ በሁለት ዙር፣ መጀመሪያ በግማሽ ኃይል፣ ቀጥሎ በሙሉ። መጽሐፍ ከሌለ ለ8 ሚሊሜትር ቡሎን ከ20 እስከ 25፣ ለ10 ሚሊሜትር ከ40 እስከ 50 ኒውተን ሜትር የተለመደ ነው። ይህ ለደረቅ ጥርስ ነው፤ ለሙቀት የሚሆን ቅባት ከተቀባ ያው ልክ ቡሎኑን አብዝቶ ስለሚወጥረው ኃይሉ ይቀነስ። ሞተሩ አንድ ጊዜ በደንብ ሞቆ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይፈተሽ።

ቱርቦው አብሮ ከወረደ ሁለት ነገር አይረሳ። በዘይት መግቢያው ንጹሕ ዘይት ይሞላና ሞተሩ እንዳይነሳ ተደርጎ ለ10 ወይም 15 ሰከንድ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ይዙር፤ ያለዚያ ቱርቦው በደረቁ ይጀምራል። የዘይት መመለሻው ላይ ደግሞ ሲልከን አይቀባ፤ ተጨምቆ የገባው ቁራጭ መንገዱን ካጠበበ ዘይቱ መውረጃ አጥቶ በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል።

«ሲልከን ቀባ አድርገህ እሰረው»

ሙቀት ይችላል የሚባለው ቀይ ሲልከን ከ300 ዲግሪ ብዙም አይርቅም፤ ጭሱ የዚያ እጥፍ ነው። ይቃጠላል፣ ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪውም በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ወደሚሽከረከረው የቱርቦ ክንፍ ይሄዳል። የብረት ጓርኒሲዮን በደረቁ ነው የሚገባው።

«ስንጥቁ ይበየዳል»

ይበየዳል፤ ግን እንደ መኪና አካል አይደለም። ማኒፎልዱ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት (ካስት አይረን) ስለሆነ በተራ ኤሌክትሮድ ተበይዶ ሜዳ ላይ ቢቀዘቅዝ ከብየዳው ጎን ሌላ ስንጥቅ ያወጣል፤ አንዳንዴ ገና እየቀዘቀዘ ሳለ «ጠቅ» ሲል ይሰማል። ትክክለኛው መንገድ የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በቀጭን መሰርሰሪያ መብሳት፣ ማኒፎልዱን ሁሉ ማሞቅ፣ በኒኬል ኤሌክትሮድ በአጭር በአጭሩ መበየድ፣ ከዚያም በትኩስ አመድ ቀብሮ ማሳደር ነው። ከዚያ ፊቱ እንደገና ይለካል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ባለሙያ ከሌለ ደህና ያገለገለ ማኒፎልድ ፈልጎ መግዛት ይረክሳል።

«ሰፊ ቱቦ ሁልጊዜ ጉልበት ይጨምራል»

ወጣቶች የሚጠይቁት ስለ ሄደር ነው፤ ማለትም ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ረጅም ቱቦ ስላለው የጭስ ማውጫ። ቱርቦ ላይ ቱቦው በሰፋና በረዘመ ቁጥር ጭሱ ሙቀትና ፍጥነት ስለሚያጣ ቱርቦው ዘግይቶ ይነሳል። ለዳገት ይህ ኪሳራ ነው።

ሱፐርቻርጀር ግን እንደ ቱርቦ አየር ቢጨምቅም ሌላ ነገር ነው። ጀርባቸው ላይ «ኮምፕረሶር» የተጻፈባቸው የቤንዚን መርሴዲሶች ያላቸው ዓይነት በቺንጋ (በሞተሩ ቀበቶ) የሚነዳ ስለሆነ ከጭሱ ጋር አይገናኝም፤ ጭሱ በቶሎ ከወጣ ይጠቅማል። ግራ የሚያጋባው ሄደሩ ከገባ በኋላ የግፊት መለኪያው ዝቅ ማለቱ ነው። ብዙዎች ቺንጋው እየተንሸራተተ መስሏቸው ይቀይራሉ። መለኪያው የሚያሳየው ወደ ሲሊንደሩ መግባት አቅቶት የተጠራቀመውን አየር ግፊት ነው፤ መውጫው ሲከፈት አየሩ በቀላሉ ስለሚገባ ግፊቱ ይወርዳል፣ የገባው አየር ግን ጨምሯል። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ያለች ትንሽ ክፍተትም አየር እየሳበች ኮምፒውተሩን ታሳስተዋለች፤ ቤንዚን አንሷል ብሎ ይጨምራል።

«ላሜራው ለጌጥ ነው»

ማኒፎልዱን የሚሸፍነው ላሜራ ሲንኳኳ ተነቅሎ ይጣላል። ከጎኑ ያለውን ሽቦ፣ የዘይት ቱቦና የፍሬን ቧንቧ የሚጠብቀው እሱ ነው። ዳዶው ይታሰር እንጂ አይጣል።

«ድምፅ ብቻ ነው፤ ሌላ ጉዳት የለውም»

የሚያፈተልከው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሰው የሚገድል መርዛማ ጋዝ አለበት፤ እሱ ራሱ ሽታም ቀለምም የለውም። ጣርማበር ላይ ጉም ወርዶ ብርዱ ሲጠና መስኮት ዘግቶ፣ ሞተር አስነስቶ ጋቢና ውስጥ የሚያድር ሹፌርና ረዳት አለ። ማኒፎልዱ የሚያስተነፍስ መኪና ላይ ጭሱ በማሞቂያው የአየር መግቢያና በፔዳሎቹ ቀዳዳ በኩል ይገባል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማ ሞተሩ ይጥፋ፣ ከጋቢናው ይወረድ፤ ሌሊቱን በጋቢ ማሳለፍ ነው።