አዮን ውሃ ውስጥ ሲገባ፦ የነጻ ኢነርጂው ስሌትና ጣጣው

ጨው ውሃ ውስጥ ጣል ሲደረግ ሶዲየሙ፣ ማለትም ቻርጅ የያዘው አቶም (አዮን)፣ ብቻውን አይቀርም። የውሃ ሞለኪውሎች ኦክስጅናቸውን ወደ እሱ አዙረው ይከቡታል። አዮኑ ከባዶ ቦታ ወደዚህ ከበባ ሲገባ ነጻ ኢነርጂው (ነገሩ በራሱ ወደየት እንደሚያደላ የሚነግረን የኢነርጂ ልክ) በብዙ ይወርዳል። የሚሰላውም ይኸው ነው። ኬሚስቱ ማርከስ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ሠንጠረዥ የሶዲየም ቁጥር -365 ኪሎጁል በሞል ነው፤ ሌሎች ደግሞ ከ-420 ያሳልፉታል። ልዩነቱ ከየት መጣ? እመለስበታለሁ።

የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ቦርን እ.ኤ.አ. በ1920 ነገሩን በወረቀት ሠርቶታል፤ አዮኑን ቻርጅ የያዘ ኳስ፣ ውሃውን ሞለኪውል የሌለው ወጥ ፈሳሽ አድርጎ። ቻርጁ እጥፍ ሲሆን ኢነርጂው አራት እጥፍ ይሆናል። ለመነሻ ጥሩ ነው፣ ግን ውሃ ወጥ አይደለም።

በሞለኪውላር ዳይናሚክስ (የሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር በሚያሰላው ሲሙሌሽን) ጎኑ 3 ናኖሜትር የሆነ ሳጥን እንውሰድ፤ 900 ያህል የውሃ ሞለኪውል ይይዛል። አዮኑ በአንዴ አይገባም። መጀመሪያ ቻርጅ የሌለው ኳስ ቀስ እያለ ቦታ ይይዛል፣ ከዚያ ቻርጁ ከ0 ወደ 1 በደረጃ ይሞላል። ደረጃውን የምንቆጥርበት ላምዳ ይባላል። ለእያንዳንዱ ላምዳ ሲሙሌሽን ይሮጣል፣ የየደረጃው ውጤትም ኪርክዉድ ኢንቴግሬሽን ወይም የቤኔት ዘዴ በሚባሉት ስሌቶች ይደመራል። ቅደም ተከተሉን ከገለበጡት ሲሙሌሽኑ ይፈነዳል፤ ገላ በሌለው ቻርጅ ላይ ኦክስጅን ዘሎ ይወድቅበታላ!

እስከዚህ ድረስ ፕሮግራሙ ይሠራልናል። ራስ ምታቱ ከዚህ በኋላ ነው።

ሳጥኑ በሁሉም አቅጣጫ ራሱን ስለሚደግም አዮኑ ከገዛ ቅጂዎቹ ጋር ይገፋፋል። በኢዋልድ ድምር (የሚደጋገሙ ቻርጆችን ኢነርጂ በሚደምረው ዘዴ) ሲሰላ ይህ የራስ ለራስ ኢነርጂ ለ3 ናኖሜትር ሳጥን 66 ኪሎጁል ያህል መጠን አለው። ብዙ ፕሮግራሞች ከውስጥ ቆጥረውታል፤ ሳያጣሩ እንደገና መደመር የተለመደ ስህተት ነው። ሌላው የውሃው ገጽ ነው። እውነተኛ አዮን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ ገጹን ያቋርጣል፤ የኛ ሳጥን ግን ገጽ የለውም። በተለመዱት የውሃ ሞዴሎች እዚያ ግማሽ ቮልት ያህል ልዩነት አለ፣ ይህም ለአንድ ቻርጅ 48 ኪሎጁል ነው። የማነጻጸሪያው መነሻ ከጋዝ 1 አትሞስፌር ወደ 1 ሞላር (በሊትር አንድ ሞል) ሲቀየር ደግሞ ሌላ 7.9 ኪሎጁል አለ።

ቤተ ሙከራም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። የሚለካው የሶዲየምና የክሎራይድ ድምር ነው፤ ለየብቻ ማካፈሉ በግምት ላይ ይቆማል። ሠንጠረዦቹ የማይስማሙት ለዚህ ነው። ስለዚህ እኔ የነጠላ አዮን ቁጥር ብቻ ይዞ «ሞዴሌ ትክክል ነው» የሚልን ሰው አላምንም። የጨውን ድምር ያሳየን፤ የገጹ ስህተት በፖዘቲቭና በኔጌቲቩ ይጣፋል። ወይም የሶዲየምና የፖታሲየምን ልዩነት፣ በማርከስ 70 ኪሎጁል የሆነውን። የሴል የፖታሲየም ቻናል ሶዲየምን ለምን እንደማያሳልፍ የሚያጠና ሰውም የሚፈልገው ይህንኑ ልዩነት ነው።

ፓራሜትርን፣ ማለትም ለአዮኑ መጠንና የመሳሳብ ኃይል የሚሰጡትን ቁጥሮች፣ በተመለከተ ጁንግ እና ቺተም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ለሦስት የውሃ ሞዴሎች ለየብቻ አውጥተዋል። ቲፕ3ፒ ለሚባለው የውሃ ሞዴል የተሠራውን ኤስፒሲ/ኢ በሚባለው ሌላ ሞዴል ውስጥ መክተት የሰው ጫማ እንደ መዋስ ነው። ማግኒዚየም ላይ ሲደርስ ደግሞ ተራው የሌናርድ-ጆንስ ቀመር (ሁለት አቶሞች እንዴት እንደሚሳሳቡና እንደሚገፋፉ የሚያሰላው) ራሱ ይጠባል፤ ኢነርጂውን ሲያስተካክሉት ከኦክስጅኑ ያለው ርቀት ይበላሻል። ሊ እና መርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ሌላ አንድ የመሳሳብ ክፍል የጨመሩበት ለዚሁ ነው።