ስለ ሌዘር ሕክምና የሚወራው እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ የሕክምና መሣሪያ እየጠገንኩ ነው የምኖረው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሐይቁ ዳር ቡና ይዘን ከተቀመጥን ስለ ሌዘር ሳያነሳ አይለቀኝም። ለነገሩ ጥያቄ አይደለም፣ አብዛኛው ፈርዶ ነው የሚመጣው። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«ሞራውን በሌዘር ገፈፉላት»

ይሄ አንደኛ ነው። የጎረቤቴ እናት የዓይን ሞራ ከወጣላቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ በኋላ ጣና ላይ ያለ ታንኳ ከሩቅ ይለዩ ነበር። ዘንድሮ ሁሉ ነገር ጉም ለበሰባቸው። ቤተሰቡም «ሞራው መልሶ በቀለ» አለ። ሞራ አይበቅልም። ሞራ ማለት የደፈረሰው የራሳችን ሌንስ ነው፤ እሱ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ገብቷል። (በአንዳንድ አገር ሌዘር መቁረጡን ያግዛል፣ ሞራውን የሚያወጣው ግን ያው የሐኪም እጅ ነው።) አሁን የደፈረሰው ከሌንሱ ጀርባ የቀረው ስስ ሽፋን ነው። ያግ የሚባለው ሌዘር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የጨረሩ የሞገድ ርዝመት 1064 ናኖሜትር ነው፣ በዓይን አይታይም፤ በጥቂት ቢሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ ሽፋኑ ላይ ብልጭ ብሎ ይቀድደዋል።

ችግሩ አዲሱ ሌንስ ከሽፋኑ ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። ትኩረቱ ትንሽ ወደ ፊት ከመጣ ሌንሱን ይበሳዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ሁለት ቀያይ የማነጣጠሪያ ነጥቦችን አንድ እስኪሆኑ ድረስ ያስተካክላል፤ የሌዘሩን ትኩረት ደግሞ ከሽፋኑ ጀርባ በፀጉር ታህል ያሳልፈዋል። ታካሚው አገጩን አስደግፎ ዝም ማለት አለበት። እኚህ እናት ግን ከንፈራቸው አላርፍ አለ። ሐኪሙ በመጨረሻ «እማማ፣ ጸሎቱን በሆድዎ ያድርጉልኝ» አላቸው። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ የሌዘር ማስተካከያ ሰምቼ አላውቅም።

«ጉልበቱ ሲበዛ ነው የሚያድነው»

እስቲ ጣትዎን የጋለ ምጣድ ላይ ነካ አድርገው ያንሱ። ምንም አይሉም። ትንሽ ካቆዩት ግን ምጣዱ ያው ሆኖ ጣትዎ ይላጣል። ጊዜ ነው ልዩነቱ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሮክስ አንደርሰን እና ጆን ፓሪሽ የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህን በጽሑፍ አስቀመጡት፦ የተፈለገው ነገር ብቻ የሚወደውን ቀለም ብርሃን ምረጥ፣ ከዚያ ያ ነገር ሙቀቱን ለጎረቤቱ ሳያካፍል ብርሃኑን አቁም። ትንሽ ነገር ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ለደም ሥር ሚሊሰከንዶች ሲበቁ፣ ለቀለም ቅንጣት ከአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ በታች ያስፈልጋል።

ቀለሙ፣ ማለትም የሞገድ ርዝመቱ፣ ደግሞ ጥልቀቱን ይወስናል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር 10,600 ናኖሜትር ነው፤ ሥጋችን ውስጥ ያለው ውሃ ወዲያው ይመጠዋል፣ ከላይ ከላይ ብቻ ይሠራል። በነሐሴ የርብና የጉማራ ወንዞች ደለል ሲገባ ጣና ውስጥ እጅዎን ቢከቱ ጣትዎ እንደሚጠፋብዎት ማለት ነው። ያግ ግን በዚያው ዋት ሚሊሜትሮችን አልፎ ይገባል። ዋቱ አንድ፣ ጉዳቱ ሌላ።

«ለጥቁር ቆዳ አይሆንም»

ግማሽ እውነት አለው። ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒን የሚባለው ቀለም ብርሃኑን ይሻማል። 755 ናኖሜትር የሆነው አሌክሳንድራይት ለፀጉር ማጥፊያ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ማቃጠሉ አይገርምም። የያጉን 1064 ግን ሜላኒን ብዙም አይወደውም፤ ቆዳው እየቀዘቀዘ፣ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ተሞክሮ ከተሰጠ ለእኛም ይሆናል። ሳይሞክር «ዛሬውኑ እንጨርስ» የሚል ቤት ካጋጠመዎት ባጃጅ ጠርተው ይሂዱ።

«ጨረር ነው፣ እንደ ኤክስሬይ ነው»

አይደለም። እነዚህ ከላይ የጠቀስኳቸው ሌዘሮች ብርሃንና ሙቀት ናቸው፤ እንደ ኤክስሬይ ዲኤንኤ የሚጎዳ ጨረር አይደሉም። ይበልጥ የሚያስፈራው ሳይታሰብ ዓይን ላይ ሲያርፉ ነው። የመከላከያ መነጽሩም ለዚያው ሞገድ የተሠራ መሆን አለበት፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም።

«ማሽኑ ራሱ ያውቃል»

ስክሪኑ የሚያሳየው የታዘዘውን ነው እንጂ የወጣውን አይደለም። አንድ ቦታ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር «ደከመ» ተብዬ ተጠራሁ። ስክሪኑ 10 ዋት ይላል፤ መለኪያዬን ፊቱ ሳደርገው 6 ብቻ። የምላስ መጫኛ እንጨት አርጥቤ ተኮስኩበት፤ የተቃጠለው ቦታና ቀዩ ማነጣጠሪያ ነጥብ ጎን ለጎን ናቸው እንጂ አንድ ላይ አይደሉም! ጨረሩ ራሱ ስለማይታይ ሐኪሙ የሚያምነው ቀዩን ነጥብ ነው፤ እሱ ደግሞ ይዋሻል። ሌንሱ በአቧራና በጭስ ተሸፍኗል፣ አንዱ መስታወት ዘሟል። ሐኪሙ ምን ያድርግ፣ አልቆርጥ ሲለው በየጊዜው ቁጥሩን ከፍ እያደረገ ለምዶታል።

ሌንሱን ጠረግኩ፣ መስታወቱን መለስኩ፣ 10 ሲባል 10 መስጠት ጀመረ። ይኼኔ ነው የፈራሁት። ሐኪሙ ነገ መጥቶ የለመደውን ቁጥር ቢጫን የሰው ቆዳ ነው የሚነደው። ወረቀት ቀድጄ በትልቁ «የድሮውን ቁጥር እንዳትጠቀሙ፣ ከዝቅተኛው ጀምሩ» ብዬ ጻፍኩና ስክሪኑ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት።