የከባድ አስም «ተጨማሪ ሕክምና» ምንድን ነው?

ዋናው የኢንሄለር ሕክምና አልበቃ ሲል በላዩ የሚጨመር እንጂ፣ ኢንሄለር ሲሰለች የሚቀየርበት መድኃኒት አይደለም። «ስቴሮይዱን (የአየር ቧንቧ ብግነትን የሚቀንሰውን ዋና የሚሳብ መድኃኒት) ትቼ ተጨማሪው ላይ ነኝ» የሚል ሰው በዝቷል፤ አንዱማ ለሌሎችም እየመከረ ነው። ወንድሜ፣ ዋናውን ካቆምክ የምትጨምረው ምን ላይ ነው?

ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ቡና የሸመተ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ምርቃት የሚጠየቀው ጣሳው ከተሰፈረ በኋላ ነው። ሳይሸምቱ ምርቃት የለም፤ ጣሳው ጎድሎ ከተሰፈረም ምርቃቱ አይሞላውም። የአስሙ ምርቃት ግን በነጻ አይገኝም፤ በተለይ ባዮሎጂክስ የሚባሉት መርፌዎች ዋጋቸው አይቀመስም።

እዚህ ጣሳው ከፍተኛ መጠን ያለው የሚሳብ ስቴሮይድ ነው፤ ለአዋቂ ቡደሶናይድ ከሆነ በቀን ከ800 ማይክሮግራም በላይ፣ ለረጅም ሰዓት የአየር ቧንቧን ከሚከፍት መድኃኒት ጋር። ይህ በየቀኑ፣ በትክክል ለወራት ተወስዶ፣ አባባሹም ነገር (የማገዶ ጭስ፣ የቡና መቀሸሪያ አቧራ) ተወግዶ አልረጋጋ ሲል ነው አስሙ «ከባድ» የሚባለው። ማስታገሻው ቬንቶሊን ቶሎ ስላለቀ ብቻ አይባልም።

ጣሳው ብዙ ጊዜ የሚጎድለው አሳሳብ ላይ ነው። ሁለቴ አከታትሎ ተጭኖ በኃይል የሚስብ ሰው መድኃኒቱ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ነቅንቆ፣ አየር አስወጥቶ፣ አንዴ ተጭኖ በዝግታ መሳብ፤ ትንፋሽን 10 ሰከንድ ያህል መያዝ፤ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ መድገም፤ በመጨረሻ ተጉመጥምጦ መትፋት። ስፔሰር (ኢንሄለሩ ላይ ተገጥሞ መድኃኒቱን የሚያጠራቅም ዕቃ) ከጠፋ የ500 ሚሊ ሊትር ሃይላንድ ታቹ በኢንሄለሩ አፍ ልክ ተበስቶ ይሠራል። ቀዳዳው ከሰፋ መድኃኒቱ በጎን ያመልጣል።

ምርቃቱ ከዚህ ወዲያ ነው። ቲዮትሮፒየም በቀን አንዴ 5 ማይክሮግራም፤ ሞንቴሉካስት ማታ 10 ሚሊግራም (ስሜትና እንቅልፍ ሊያውክ ስለሚችል ቤተሰብ ልብ ይበል)፤ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነሥቶና አክታ ተመርምሮ ደግሞ አንቲባዮቲኩ አዚትሮማይሲን 500 ሚሊግራም በሳምንት 3 ጊዜ።

እንደ ሜፖሊዙማብ ያለ መርፌ፣ 100 ሚሊግራም በየ4 ሳምንቱ፣ የሚታዘዘው ኢኦሲኖፊል (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሕዋስ) በደም ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ ታይቶ ነው። ጅማ ላይ ግን ቁጥሩን ከፍ ያደረገው የአንጀት ትል ሊሆን ስለሚችል ሰገራ ሳይመረመር ውጤቱን ማመን አይገባም። ስትሮንጂሎይደስ የሚባለው የአንጀት ትል በአንድ ተራ ምርመራ ሊያመልጥ ይችላል፤ አንድ ጊዜ የሚዋጥ አልቤንዳዞልም አይበቃውም፣ አይቨርሜክቲን ነው መድኃኒቱ። ይህ ትል ያለበት ሰው ፕሬድኒሶሎን (የሚዋጥ ስቴሮይድ) ሲወስድ ከቆየ ትሉ በመላ ሰውነቱ ተሰራጭቶ ሊገድለው ይችላል።

መርፌው ሲሠራም መጀመሪያ የሚቀነሰው የሚዋጠው ፕሬድኒሶሎን ነው፣ ያውም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ። የሚሳበው ይቀጥላል።