የቤትና የመሬት ደላላ ሙያዊ ግዴታና ሕጋዊ ኃላፊነት

የቤትና የመሬት ደላላ ሻጭንና ገዢን፣ አከራይንና ተከራይን አገናኝቶ የሚያዋውል፣ ለድካሙም ኮሚሽን የሚቀበል ባለሙያ ነው። ብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን በአንድ ቀን የሚያወጣው ቤት ሲገዛ ነው፤ ስለዚህ ይህ የተከበረ ሙያ ከማስማማት ይልቅ ወደ አደራ ይጠጋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ግዴታው በአብዛኛው የሚመነጨው ከውክልና ሕግ ነው። ደላላው የወከለውን ሰው ጥቅም ከራሱ ያስቀድማል፤ የቀረበለትን ዋጋ ሁሉ ሳይዘገይ ያደርሳል፤ ሻጩ እስከ ስንት እንደሚወርድ ለገዢው አያወራም። በእንግሊዝ በ1979 የወጣው የቤት ሽያጭ ወኪሎች ሕግ ደላላው በቤቱ ላይ የግል ጥቅም ካለው አስቀድሞ እንዲናገር፣ የኮሚሽኑን ስሌት ውል ከመግባቱ በፊት እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በእጁ የሚቆየው ቀብድም በአደራ የተያዘ የሰው ገንዘብ ነው። በፈረንሳይ ከ1970 ወዲህ የጽሑፍ ውክልና ግድ ነው።

ደላላው ላልወከለው ገዢ ምን ዕዳ አለበት? ለረጅም ጊዜ መልሱ “አይዋሽ” ከማለት ብዙም አያልፍም ነበር። በካሊፎርኒያ ይህን የለወጠው በ1984 በይግባኝ የተወሰነ ጉዳይ ነው። አንዲት ሴት በ1976 በ170,000 ዶላር ቤት ገዙ። ብዙም ሳይቆይ መሬቱ ተንሸራተተ፤ ቤቱም ክፉኛ ተጎዳ። የቆመው በሚገባ ባልተጠቀጠቀ የሙሌት አፈር ላይ ነበር። ሻጮቹ ቀድሞ የደረሰውን መንሸራተት ለደላሎቹ እንኳ አልተናገሩም። ይሁን እንጂ አንደኛው ደላላ በተዳፋቱ ላይ የተዘረጋውን መረብ አይቶ ነበር፤ ሌላው የእንግዳ ማረፊያው ወለል እንደተዛባ አስተውሏል። አፈሩ እንዲመረመር የጠየቀ ግን አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ደላላ ያወቀውን መናገር ብቻ ሳይሆን በተገቢ ጥንቃቄ ተመልክቶ ያገኘውንም ማሳወቅ አለበት አለ። ፍርዱ ትክክል ነው፤ መረቡን ያየ ሰው ለምን እንደተዘረጋ መጠየቅ ነበረበት። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሕግ ግዴታውን በዓይን ሊታይ በሚችለው ወስኖታል።

ለሁለቱም ወገን መሥራት አከራካሪ ነው። በሁለት ቢላዋ መብላት ነው የሚሉ አሉ፤ ሁለቱም አውቀው ከፈቀዱ ግን በብዙ አገሮች ይቻላል። ደላላው ለተፎካካሪ ሻጮች ሲሠራስ? በቤርሙዳ አንድ ደላላ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቤቶችን ለአንድ ገዢ አሻሻጠ። የመጀመሪያው መሸጡን ለሁለተኛው ባለቤት አልነገረም። በለንደን የተቀመጠው የይግባኝ ችሎት በ1992 ጥፋተኛ አይደለም አለው፤ የአንዱን ደንበኛ ምስጢር ለሌላው ማሳለፍ አይችልምና።

ኮሚሽን የሚከፈለው ለልፋት ሳይሆን ለውጤት ነው። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ክፍያው የሚገባው ውሉ በደላላው አማካይነት ሲፈጸም እንደሆነ ይደነግጋል። በእንግሊዝም በ1941 ባለቤቶቹ መሸጡን ስለተዉ 10,000 ፓውንድ የቀረበት ደላላ ተከራክሮ ተረትቷል። በአሜሪካ በ1908 የተቋቋመው ብሔራዊ የደላሎች ማኅበር ገና በ1913 የሥነ ምግባር ደንብ ያወጣ አንጋፋ ተቋም ነው። ደንቦቹ ኮሚሽን አስወድደዋል በሚል ሻጮች ለመሠረቱበት ክስ ጥፋቱን ሳያምን በ2024 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ ዓመት ነሐሴ ጀምሮ ከማኅበሩ ጋር የተያያዘ የሚሸጡ ቤቶች የመረጃ ቋት የሚጠቀም የገዢ ወኪል ክፍያውን የሚገልጽ ውል ሳያስፈርም ደንበኛውን ቤት ሊያስጎበኝ አይችልም።