በዕረፍት ሰዓት ሞተርን በሚኒሞ ማቆየት ምንድን ነው?

ረጅም መንገድ የሚጓዝ የጭነት መኪና ቆሞ፣ አሽከርካሪው ጋቢና ውስጥ ተኝቶ ወይም አረፍ ብሎ ሳለ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ማደሩ ሞተርን በሚኒሞ ማቆየት ይባላል። መኪናው አንድ ሜትር እንኳ አይንቀሳቀስም፤ ናፍጣው ግን ይነድዳል፣ ጭሱ ይወጣል፣ ሞተሩም ያረጃል። የትራፊክ መብራት እስኪለቅ ወይም ጭነት እስኪራገፍ ሞተር ሳያጠፉ መጠበቅም ከዚሁ ወገን ነው፤ ሆኖም ለረጅም መንገድ መኪና ዋናው ብክነት ያለው በዕረፍት ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም ዕረፍቱ በሕግ የታዘዘና ረጅም ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 561/2006 መሠረት መደበኛው የቀን ዕረፍት 11 ሰዓት ሲሆን፣ በአሜሪካ ደግሞ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ቢበዛ 11 ሰዓት ከነዳ በኋላ ለ10 ተከታታይ ሰዓት ከሥራ ውጭ መሆን አለበት። ይህ ሰዓት የተደነገገው ደክሞ የሚነዳ ሰው በራሱና በሌሎች ላይ አደጋ እንዳያደርስ ነውና ሊነካ አይገባም። ጥያቄው ሰውየው ሲያርፍ ሞተሩ ለምን አያርፍም የሚለው ነው።

መልሱን በሾፌሩ ግድየለሽነት ላይ መጣል ቀላል ቢሆንም ትክክል አይደለም። የረጅም መንገድ ጋቢና ሾፌሩ በሳምንት ብዙ ሌሊት የሚያድርበት መኝታ ቤት ነው። የዚህ መኝታ ቤት ማሞቂያ ሙቀቱን የሚወስደው ከሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ ነው፤ የኤሲው ኮምፕረሰር የሚዞረው ከሞተሩ በተያያዘ ቺንጋ ነው፤ ባትሪውንም የሚሞላው ሞተሩ የሚያዞረው ዲናሞ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ማሞቂያውም ኤሲውም ወዲያው አብረው ይቆማሉ፤ መብራቱ፣ ትንሿ ፍሪጅና የስልክ ቻርጀሩ ደግሞ ከባትሪው ላይ መብላት ይጀምራሉ። ሾፌሩ ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) አላዞር ቢለው መዘግየቱ በእሱ ላይ እንደሚቆጠር ያውቃል። በጣም በሚበርድበት አካባቢ ሌላም ሥጋት አለ፤ ናፍጣ ውስጥ ያለው ሰም መሰል ንጥረ ነገር በብርድ እየረጋ ማጣሪያውን ስለሚደፍን፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ማደር ነዳጁ እንዳይረጋ መከላከያ ተደርጎ ይወሰዳል። የቆዩ የናፍጣ ሞተሮች በብርድ ለመነሣት ያስቸግሩ ስለነበር፣ ያንጊዜ የተለመደው ልማድ ችግሩ በአብዛኛው ከተፈታ በኋላም ቀጥሏል።

ብክነቱ ግልጽ የሚሆነው የሚያስፈልገው ኃይልና ሥራ ላይ ያለው ሞተር ጎን ለጎን ሲታዩ ነው። አንድን የመኝታ ጋቢና ለማሞቅ ወይም ለማቀዝቀዝ በተለመደው የአየር ሁኔታ ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት የሚሆን ሙቀት መስጠት ወይም ማውጣት ይበቃል፤ ለዚህ የሚሠራው ሞተር ግን ከባድ ጭነት ዳገት ለማስወጣት የተሠራ፣ ከ300 ኪሎዋት በላይ ማመንጨት የሚችል ነው። እንዲህ ያለው ሞተር በሚኒሞ በሰዓት ወደ 3 ሊትር ናፍጣ ያቃጥላል፤ መጠኑ እንደ ዙሩና እንደ ኤሲው ጫና ይለያያል፤ ሾፌሩ ኤሲው እንዲበረታለት ዙሩን በደቂቃ ከተለመደው 600 ወይም 700 ወደ 1,000 ከፍ ካደረገው ይጨምራል። በሰዓት 3 ሊትር ብለን ብናሰላ አንድ የ10 ሰዓት ዕረፍት 30 ሊትር ይወስዳል፤ በዓመት 250 ሌሊት እንዲህ የሚያድር መኪና 7,500 ሊትር ያቃጥላል ማለት ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣው፣ ከአንድ መኪና ብቻ በዓመት 20 ቶን ገደማ ወደ አየር ይገባል፤ ይህ ሁሉ ጭነቱን አንድ ስንዝር እንኳ ሳያራምድ ነው።

ጉዳቱ በነዳጅ አያበቃም። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ሲሊንደሩ በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም፤ ያልተቃጠለው ክፍል በከፊል የሲሊንደሩን ግድግዳ ተከትሎ ወርዶ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀልና ያቀጥነዋል፣ ጥቀርሻውም የጭስ ማጣሪያውን ያጨናንቃል። በዘመናዊ መኪኖች ላይ ናይትሮጂን ኦክሳይድን ለመቀነስ የሚረጨው የዩሪያ ፈሳሽ የሚሠራው ጭሱ ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ነው፤ በረጅም ሚኒሞ ጊዜ ጭሱ ከዚያ በታች ስለሚቀዘቅዝ መሣሪያው መኪናው ላይ ቢኖርም ሥራውን ያቆማል። ባለንብረቶች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት አንድ ነገርም አለ፤ የዘይት መቀየሪያ ጊዜ በኪሎ ሜትር ብቻ ሲቆጠር፣ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሞተር ኪሎ ሜትሩ ላይ ምንም አይጨምርም፤ ዘይቱ ግን ቀኑን የተነዳ ያህል ባይሆንም ያረጃል። የሞተር ሰዓት ቆጣሪውን ሳያዩ ጥገና ማቀድ የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ በላይ ሊያሳስበን የሚገባው ጭሱን የሚተነፍሰው ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል። በመኪና ማደሪያ ስፍራ በርካታ መኪናዎች ጎን ለጎን ሞተራቸውን ሳያጠፉ ሲያድሩ፣ የአንዱ ጭስ በሌላው ጋቢና ይገባል፤ የመጀመሪያው ተጎጂም እዚያው የተኛው ሾፌር ነው። የጭስ ማውጫው ቱቦ ተበስቶ ከሆነ ወይም ነፋሱ ጭሱን ወደ ጋቢናው ከመለሰው፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በእንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሊገድል ይችላል።

እንግዲህ መፍትሔው ሾፌሩ ብርዱን ወይም ሙቀቱን ችሎ እንዲያድር ማድረግ ሳይሆን፣ የጋቢናውን ፍላጎት ከትልቁ ሞተር መነጠል ነው። ለብርድ መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል። ከአልጋው ሥር ወይም ከወንበሩ ኋላ የሚገጠም ትንሽ የናፍጣ ማሞቂያ ከመኪናው ታንከር ነዳጅ ወስዶ በራሱ ማቃጠያ ያነድዳል፤ ለማቃጠያ የሚሆነውን አየር ከውጭ ይስባል፣ ጭሱንም በራሱ ቱቦ ወደ ውጭ ያስወጣል፣ ወደ ጋቢናው የሚነፋው የሞቀ ንጹሕ አየር ብቻ ነው። በ2 ኪሎዋት አቅም በሰዓት ከ0.1 እስከ 0.3 ሊትር ስለሚበቃው፣ 30 ሊትር ይፈጅ የነበረው ሌሊት በ3 ሊትር ወይም ከዚያ ባነሰ ያልፋል። የሞተሩን ውኃ የሚያሞቀው ዓይነት ደግሞ ሞተሩ ጠዋት ያለ ችግር እንዲነሣ ይረዳል፤ የናፍጣውን መርጋት በተመለከተ ለብርድ ወቅት የተዘጋጀ ናፍጣ መቅዳት ይሻላል።

ማቀዝቀዝ ግን ከዚህ ይከብዳል። ከማስነሻ ባትሪው የተለዩ ባትሪዎች ቀን በጉዞ ላይ ተሞልተው ሌሊት የኤሌክትሪክ ኤሲ የሚያሠሩበት ዘዴ ድምፅና ጭስ የለውም፤ ሙቀቱ በማይበርድበት ሌሊት ግን ባትሪው ሳይነጋ ሊያልቅ ይችላል። በሻሲው ላይ የሚገጠም ትንሽ ረዳት ሞተር ኤሲውንም ኤሌክትሪኩንም ያለማቋረጥ ይሰጣል፤ በሰዓት ወደ 1 ሊትር ያቃጥላል፣ ይመዝናል፣ የራሱ ጥገናም ይፈልጋል። ማደሪያው ላይ መሰኪያ ካለ ከኤሌክትሪክ መስመር መውሰድ ከሁሉም ንጹሕ ነው፤ ችግሩ መሰኪያው በሌለበት ቦታ የሚያድረው ሾፌር ነው። ባትሪው ሲደክም ወይም ጋቢናው ሲሞቅ ሞተሩን በራሱ አስነሥቶ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያም አለ፤ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ነገር ግን ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ጋቢናው ስለሚንቀጠቀጥ እንቅልፍ ይሰብራል።

ሕጉም ወደዚህ አቅጣጫ ሄዷል። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አልጋ ያላቸው ከባድ መኪናዎችም ከ5 ደቂቃ በላይ ሞተር ሳያጠፉ እንዳይቆሙ ተከልክለዋል፤ በሰዓት ከ30 ግራም ያልበለጠ ናይትሮጂን ኦክሳይድ ለሚያወጡ ሞተሮች ግን የተለየ ፈቃድ አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ደግሞ ረዳት ሞተር የገጠመ መኪና ከክብደት ወሰኑ በላይ እስከ 550 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 250 ኪሎ ግራም፣ እንዲጨምር ግዛቶች እንዲፈቅዱ በር ከፍቷል፤ መሣሪያውን የገዛ ባለንብረት ጭነት ቀንሶ እንዳይከስር ታስቦ ነው። ከሁለቱ አካሄዶች ሁለተኛው ይበልጥ ያስኬዳል ብዬ አምናለሁ፤ መሣሪያ ሳይሰጡ መከልከል ወይም ሚኒሞ ያልተጠቀመውን ሾፌር በጉርሻ ማበረታታት፣ በላብ ተነክሮ ያደረ ሰው በማግሥቱ ከባድ መኪና እንዲነዳ ያደርጋል፤ የዕረፍት ሕጉ የወጣበትን ዓላማም ያፈርሳል።

ለባለንብረቱ የመጀመሪያው ሥራ መለካት ነው። የዘመናዊ ሞተሮች ኮምፒውተር በሚኒሞ ያለፈውን ሰዓትና የተቃጠለውን ነዳጅ ለብቻው ይመዘግባል፤ ይህን ቁጥር መኪናው ካደረበት ቦታና ከሌሊቱ ሙቀት ጋር ማስተያየት ማሞቂያ ወይስ ማቀዝቀዣ መቅደም እንዳለበት ይነግራል። አብዛኛው የሚኒሞ ሰዓት በብርድ ሌሊት የተመዘገበ ከሆነ ውድ ባትሪ ከመግዛት በፊት ትንሿን የናፍጣ ማሞቂያ መግጠም፣ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ መሸፈንና የጋቢናውን የበር ጎማ ማደስ ይቀድማል፤ ውጤቱም መነጻጸር ያለበት ካለፈው ወር ጋር ሳይሆን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ነው።