«ነርስነት ለሀብታም ልጅ ነው»፦ ስለ ትምህርት ክፍያ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ባሕር ዳር ውስጥ በነርስነት እሠራለሁ። ከዘጌም፣ ከመራዊም፣ እዚሁ ከሽምብጥም እየደወሉ «ሲስተር፣ ልጄ እንዳንቺ መሆን ትፈልጋለች፤ ገንዘቡን ከየት አባቴ ላምጣ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንጀቴን የሚበላው ግን አንዳንዶቹ ከመጠየቃቸው በፊት ልጅቷን «ይቅርብሽ» ብለዋት መጨረሳቸው ነው። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን እዚህ ልጻፍ።

«ገንዘብ ከሌለን ዩኒቨርሲቲ አትገባም።»

መንግሥት የመደባት መደበኛ ተማሪ ገና ስትገባ የትምህርት ክፍያ አምጪ አትባልም። ከ1995 ዓ.ም. ደንብ ጀምሮ የሚሠራበት የወጪ መጋራት ነው። የምግቧንና የመኝታዋን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እሷ ትጋራለች፤ የምትከፍለው ግን ተመርቃ ደመወዝ መብላት ስትጀምር ነው። ቅጹን በየዓመቱ ትፈርማለች። ሥራ ስትይዝ አሠሪዋ ከወር ገቢዋ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ለገቢዎች ያስገባል። የአባቷ በሬ ወይም የእናቷ የቡና ማሳ አይነካም።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚደርሳትና ከቤቷ የምትመላለስ ከሆነ ደግሞ ቅጹን በጥሞና ታንብበው። ምግቡን በዓይነት ወይም በገንዘብ፣ ተማሪዎች እንደሚሉት ካፌ ወይም ነን ካፌ ሆና፣ መውሰድ ትችላለች። በገንዘብ የወሰደችውም ዕዳዋ ላይ ይደመራል። ሳታነብ ፈርማ ከዓመታት በኋላ የምትደነግጥ ብዙ ናት።

«እንግዲያው ነፃ ነው።»

አይደለም። በምረቃ ቀን የምትይዘው ጊዜያዊ ማስረጃ ነው። ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ዕዳው መከፈሉ ሳይረጋገጥ አይሰጥም። ውጭ አገር ሄዶ ለመሥራት ያሰበ ነርስ ይህን የሚያስታውሰው ብዙ ጊዜ ቪዛው ሲደርስ ነው። ከደመወዝ የተቆረጠበትን ማስረጃ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ማስቀመጥ ይሻላል፤ መሥሪያ ቤት ሲቀየር የት እንደተከፈለ ለማሳየት የሚያስፈልገው እሱ ነው።

«ውጤት ካልመጣ ያለው መንገድ የግል ኮሌጅ ብቻ ነው።»

ነርስ የሚሆነው በዲግሪ ብቻ አይደለም። እንደ ባሕር ዳር ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያሉ የመንግሥት ኮሌጆች አሉና መስፈርታቸውን መጀመሪያ እዚያ ሄዶ መጠየቅ ነው። ዲፕሎማ ይዞ የተቀጠረ ነርስም ደረጃውን ሲያሻሽል ሁልጊዜ ከኪሱ አይከፍልም፤ መሥሪያ ቤቱ ውል አስፈርሞ፣ ደመወዙን እየከፈለ የሚያስተምርበት አሠራር አለ። በምላሹ ተመልሶ የተወሰኑ ዓመታት ማገልገል ግዴታ ነው፤ ውሉን ያፈረሰ ይከፍላል።

የግል ኮሌጅ ከተመረጠ ግን ክፍያ ከመጠየቅ በፊት እውቅናውን መጠየቅ ይቀድማል። ለዲግሪ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና የሚሰጠው በየካምፓሱና በየትምህርት መስኩ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለው ቅርንጫፍ መፈቀዱ ባሕር ዳር ላለው ዋስትና አይሆንም፤ ፋርማሲ የተፈቀደለትም ነርሲንግ ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የዲግሪ ተማሪ፣ የመንግሥትም የግልም፣ ለመመረቅ ማለፍ ያለበት የመውጫ ፈተና አለበት። ብራችሁን ከመክፈላችሁ በፊት የኮሌጁ ነርሲንግ ተማሪዎች ምን ያህሉ እንዳለፉ ጠይቁ። መልሱን የሚሸሽ ኮሌጅ ካጋጠማችሁ እኔ በበኩሌ ተመለሱ እላለሁ።

የክፍያው ጊዜም እንደ ክፍያው መጠን ይታሰብበት። እናቶች በእቁብ ይተማመናሉ፤ ጥሩ ነው፤ ግን ምዝገባው ጥቅምት ላይ ሆኖ ዕጣው ሰኔ ቢወጣ ምን ይጠቅማል? ለእቁቡ ዳኛ ቀድሞ ነግሮ፣ ዕጣ ከደረሰው ሰው ጋር ተራ መለዋወጥ ይቻላል። ኮሌጁንም በየወሩ ይቀበል እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም።

«ቴሌግራም ላይ ስኮላርሺፕ አግኝቻለሁ፤ የማስጨረሻ ብቻ ላኪ ብለውኛል።»

አትላኪ።

እውነተኛ ዕድል በቅርብም ይገኛል። ሐይቁን ተሻግሮ ያለው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ፣ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን በተለይ ያሰበ የትምህርት ዕድል ሰጥቷል። እንዲህ ዓይነቱን ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ጠይቆ ማረጋገጥ ይቻላል።

«ከገባች በኋላ ምንም አያስፈልጋትም።»

ያስፈልጋታል፤ ጋውን፣ ለሆስፒታል ልምምድ የሚሆን ጫማ፣ ኮፒ፣ ሳሙና፣ ሞዴስ። ልጆች በዚህ አፍረው ትምህርት ሲያቋርጡ አይቻለሁ። የተማሪዎች ዲንና የሥርዓተ ፆታ ቢሮ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች ድጋፍ ያደርጋሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት አቅም እንደሌላት የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ ነው። ምደባዋ ደግሞ ጅማ ወይም ሐዋሳ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለአንድ ደብዳቤ እስከ ዘጌ መመለስ ከድጋፉ የበለጠ ሊያስወጣት ይችላልና፣ ማኅተም የተመታበትን ደብዳቤ ሻንጣዋን ከማሰሯ በፊት ታውጣ፤ ሁለት ሦስት ኮፒም ትያዝ።